ሦስት ቀን ወደ ቨርነን፣ ከጋሼ ጋር

ሐሙስ

ጋሼ አብረውኝ ለመሄድ ሁለት ነገር አስምለውኛል። አንደኛው፣ ሁዳዴ ስለሆነ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ «ትንሽ ቅመሱ» እያልኩ እንዳልነዘንዛቸው። ሁለተኛው፣ እሑድ ደብረ ዘይት ነውና ለቅዳሴ አትላንታ እንዳደርሳቸው። «ከዚህ ሌላ የፈለግክበት ውሰደኝ» አሉ። የት እንደምንሄድ እንኳን አልጠየቁም። አጎቴ ጡረታ ከወጡ ወዲህ መኪና ውስጥ መቀመጥ ከተገኘ መድረሻው ግድ አይሰጣቸውም።

መድረሻው ቨርነን ናት። ሰሜን ምዕራብ ፍሎሪዳ፣ ዋሽንግተን ካውንቲ ውስጥ፣ ሰባት መቶ ሰው ገደማ የሚኖርባት ከተማ። ከተማ ያልኳት ወረቀት ላይ ከተማ ስለሆነች ነው። ኤሮል ሞሪስ የሚባል አሜሪካዊ ፊልም ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1981 በስሟ አንድ ዘጋቢ ፊልም አወጣ፤ «ቨርነን፣ ፍሎሪዳ» ይባላል። አንድ ሰዓት እንኳን አይሞላም። ተራኪ የለውም። የጠያቂው ድምፅ አይሰማም። ያለው የአገሩ ሰው ብቻ ነው። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ወይ ጫካ ውስጥ ቆሞ ያወራል፤ ተርኪ ስለሚባለው ትልቅ የዱር ወፍ አደን፣ ስለ ትል እርባታ፣ ስለ አንድ ጠርሙስ አሸዋ። በኛ አማርኛ «ነካ ያደረጋቸው» የምንላቸው ዓይነት ሰዎች ናቸው። አራት ወይም አምስት ጊዜ አይቼዋለሁ። ባየሁት ቁጥር የሰፈሬ ሰዎች ትዝ ይሉኛል።

ረፋዱ ላይ ከአትላንታ ወጣን። 85 ቁጥር አውራ ጎዳናን ይዘን ወደ ደቡብ፣ ከዚያ ኮለምበስ ላይ የቻታሁቺን ወንዝ ተሻግረን አላባማ። ጋሼ እግራቸው ስር አንድ ፌስታል ቆሎ አስቀምጠዋል፤ በየደቂቃው በእግራቸው ነካ እያደረጉ መኖሩን ያረጋግጣሉ። ስምንት ሰዓት ሲሞላ «አንድ ሰዓት ቀረኝ» አሉ። ዩፋላ የምትባለው ከተማ ስንደርስ ስልኬ በራሱ ጊዜ ወደ ሰባት ሰዓት ተመለሰ። የሰዓት ክልሉ ተቀይሯል። ይህን ስነግራቸው ዝም ብለው አዩኝ።

«ታዲያ አሁን ስንት ቀረኝ?»

«ሁለት።»

«ቅድም አንድ ነበር እኮ!»

ነዳጅ ማደያ አገኘንና ቆምን። ጋሼ ወረዱ። ፀሐዩን አዩት፣ አስፋልቱን አዩት። «ጥላዬ ጫፍ ላይ ድንጋይ አስቀምጥ» አሉኝ። አስቀመጥኩ። ከዚያ ተረከዛቸውን ከጣታቸው እያገናኙ፣ እንደ ገመድ ተራማጅ ቀስ ብለው ጥላቸውን በጫማቸው ለኩ። ጎጃም ልጅ እያሉ የጾም መፈሰኪያ የሚታወቀው እንዲህ ነበር። አንድ ፒክአፕ የያዘ ሰውዬ ነዳጁን እየቀዳ አፉን ከፍቶ ያየናል። የኔ ጉንጭ ጋለ፤ የሳቸው ምንም አላለም።

«አራት ጫማ ከሩብ። ገና ነው። ስድስት ሲያልፍ ንገረኝ» አሉና ገቡ።

ኢንተርፕራይዝ ላይ ያደርነው ሆን ብዬ ነው። እዚያ ለነቀዝ የተሠራ ሐውልት አለ። ቀልድ አይደለም። መሀል ከተማው ላይ የግሪክ ቀሚስ የለበሰች ሴት ሁለት እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ ቆማለች፤ ከጭንቅላቷ በላይ የያዘችው ትልቅ ጥቁር የጥጥ ነቀዝ ነው። ነቀዙ ከሜክሲኮ ተነስቶ በ1915 ገደማ እዚህ ደረሰ። ጥጡን ጨረሰው። ገበሬው ምርጫ ሲያጣ ኦቾሎኒ ዘራ፣ ኦቾሎኒው ደግሞ ከጥጡ የበለጠ ብር አመጣ። በ1919 ለባለውለታቸው ሐውልት አቆሙለት። የሚያስቀው፣ መጀመሪያ የቆመችው ሴትዮዋ ብቻ ነበረች። ራሱ ነቀዙ እጇ ላይ የወጣው ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ ሰርቀውታል። አሁን ውጭ ያለው ቅጂ ነው፤ ዋናው ተጎድቶ ሙዚየም ገብቷል።

ጋሼ ዙሪያውን ሁለት ጊዜ ዞሩት። «እኛን ተምች ስንት ጊዜ በላን» አሉ። «ሐውልት የሚያሰጥ ነገር ግን ትቶልን ሄዶ አያውቅም።»

ማታ፣ አየር ማቀዝቀዣው እንደ ወፍጮ በሚጮህበት ሞቴል ውስጥ ፊልሙን በላፕቶፕ ከፈትኩላቸው። አንድ ሰዓት የማይሞላው ፊልም ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀብን፤ በየመሀሉ «አቁመው» ይላሉና። ተርኪ አዳኙን ወደዱት። ሰውዬው ስለ ወፎቹ ሲያወራ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ እንደሚሰሙት ሁሉ። የገደላቸውን ተርኪዎች እግርና ጢም ሰሌዳ ላይ ሰቅሎ የእያንዳንዱን ታሪክ ይናገራል። «ይሄ ቆቅ ቢያድን ኖሮ አገር ያወራለት ነበር» አሉ።

ከኒው ሜክሲኮ በረሃ አሸዋ በጠርሙስ ያመጡት ባልና ሚስት ጋ ስንደርስ ግን ፊታቸው ተለወጠ። ሰዎቹ አሸዋው ያድጋል ይላሉ። እየጨመረ ነው ብለው ጠርሙሱን ያሳያሉ። «ይዋሻሉ?» አሉኝ ጋሼ። እንጃ አልኩ። «አይዋሹም» አሉ ከብዙ ዝምታ በኋላ። «ግን አያድግም።»

ትልቁ ችግር የመጣው ሰባኪው ላይ ነው። ፊልሙ ውስጥ አንድ ሰባኪ ስብከቱን በሙሉ የሚሰጠው ለአንዲት ቃል ነው፤ እንግሊዝኛው «ዜርፎር» ለሚላት። ሰው ሁሉ እዚህ ቦታ ይስቃል። ጋሼ አልሳቁም። «በኛ የትኛዋ ናት?» አሉ። «ስለዚህ» አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ። የኪስ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን አወጡና ሮሜ ምዕራፍ 12 ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። «እንግዲህ ወንድሞች ሆይ ይላል። እንግዲህ ናት። ስለዚህ ምክንያት ትሰጥሃለች። እንግዲህ ግን ተነስ ትልሃለች። አንድም…» ብለው ጀመሩ። በልጅነታቸው ትንሽ አንድምታ ቀምሰዋል። ሃያ ደቂቃ አወሩ። ሰባኪው ስክሪኑ ላይ እጁን እንዳነሳ ቆሞ ጠበቃቸው።

ዓርብ

ከኢንተርፕራይዝ ወደ ደቡብ 167ን ያዝን። ሃርትፎርድን አለፍን። የፍሎሪዳን ድንበር ስንሻገር ያው መንገድ ስሙን ቀይሮ 79 ይሆናል። ግራና ቀኝ ጥድ፣ ጥድ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ እንደገና ጥድ። ጋሼ ቤተ ክርስቲያኖቹን ይቆጥሩ ጀመር፤ ቦኒፌይ ሳንደርስ አሥራ ዘጠኝ ላይ ተዉት።

በመንገድ ላይ እስካሁን ያልነገርኳቸውን ነገርኳቸው። ሞሪስ ቨርነን የመጣው ስለ ተርኪ ብሎ አልነበረም። በሃምሳዎቹና በስድሳዎቹ ዓመታት አካባቢው በኢንሹራንስ ኩባንያዎች ዘንድ ክፉ ስም ነበረው። ሰዎች ትልቅ የአካል ጉዳት ዋስትና ይገቡና ብዙም ሳይቆይ «አደጋ» ይደርስባቸዋል። ጠመንጃ ሳያስቡት ይባርቃል፣ መጋዝ ይስታል። እጅ ይሄዳል፣ እግር ይሄዳል፣ ገንዘብ ይመጣል። ከሃምሳ የማያንስ ሰው እንዳደረገው ይነገራል። ቅጽል ስም ወጣላት፣ የቆራጣዎች ከተማ የሚል ዓይነት። ሞሪስ ይህን ሊቀርጽ ነበር ሰባዎቹ መጨረሻ ላይ የመጣው። እንገድልሃለን ብለው ዝተው አባረሩት። ሐሳቡን ትቶ ተመለሰና የሚያወሩትን ሰዎች ቀረጸ።

«ቆራጣ ሳይሆኑ ቆራጥ ናቸው» አሉ ጋሼ። ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም። ለረጅም ጊዜ ቀኝ እጃቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ሲያዩት ቆዩ። «የቱን ጣት ይመርጣል ሰው?» አሉ በመጨረሻ። መልስ አልነበረኝም።

የኔን አስተያየት ልናገር። ሞሪስ ባይባረር ኖሮ ጥሩ የወንጀል ፊልም ይሠራ ነበር፤ ከዓመት በኋላ የምንረሳው። ስለ ወንጀል የመሥራት ችሎታው አላነሰውም። በ1988 ባወጣው ሌላ ፊልም፣ ባልገደለው ፖሊስ የተፈረደበት ሰው ከእስር እንዲወጣ ምክንያት ሆኗል። ቨርነንን ግን የምወደው የሚያጋልጠው ነገር ስለሌለ ነው።

ወደ ከተማዋ ስንቃረብ ፍጥነቴን ቀነስኩ። ፊልሙ ውስጥ አንድ ፖሊስ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብሎ የሚያልፍ መኪና ይጠብቃል። አርባ ዓመት አልፎትም ቢሆን እሱን አሰብኩና የተጻፈውን ፍጥነት ሳላልፍ እየተንቀራፈፍኩ ገባሁ። ከኋላዬ ያለው ፒክአፕ ጥሩምባ ነፋብኝ።

ቨርነን እንግዲህ ይህች ናት። ሰፊ መንገድ፣ ማደያ፣ ርካሽ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ፣ አብያተ ክርስቲያናት፣ ብዙ ሣር። ስሟ ከጆርጅ ዋሽንግተን መኖሪያ የመጣ ነው። ድሮ የካውንቲው መቀመጫ ነበረች፤ በኋላ ቺፕሊ ወሰደችባት። በረንዳ ላይ ተቀምጦ የሚያወራ ሰው ፈለግኩ። በረንዳዎቹ አሉ። ወንበሮቹም አሉ። ሰው የለም። በሁለት ሰዓት ውስጥ ያየሁት ሣር የሚያጭድ ልጅና አደን ልብስ የለበሱ ሦስት ወንዶች ናቸው፤ የተርኪ ወቅት ነው። ልጠጋቸው አልኩና ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፋኝ። «ይቅርታ፣ ነካ ያደረገው ሰው ታውቃላችሁ?» ይባላል?

ሱቁ ውስጥ ውሃ ስገዛ ሒሳብ የምትቀበለው ሴት አንገቴ ላይ ያለውን ካሜራ አየች።

«ፊልሙ ነው አይደል?» አለች።

«እንዴት አወቅሽ?»

«ካሜራ ይዞ እዚህ የሚቆም በሱ ነው።» መልሴን ቆጥራ ሰጠችኝ። «አያቴ ፊልሙን አትወደውም ነበር። ሞኝ አስመስሎናል ትላለች። እኔ ግን አያቴን ራሷን ቢቀርጽ ደስ ይለኝ ነበር። ድምፅዋ ይኖረኝ ነበር።»

ካሜራዬን አውልቄ ቦርሳ ውስጥ ከተትኩት።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን (ያለ ጥላ ልኬት፣ ደመና ስለነበረ) ምሳ ፍለጋ ወጣን። አንድ ትንሽ ምግብ ቤት ገብተን የጾም አለ ወይ ብለን ጠየቅን። አስተናጋጇ ገባትም አልገባትም፣ ጎመን አለ አለች። ጋሼ ደስ አላቸው።

«ሥጋ የለውም አይደል?»

«የለውም» አለች። «ትንሽ የአሳማ ቁርጥራጭ ብቻ፣ ለጣዕም።»

ጋሼ ያን ቀን ጎመን አልበሉም። ግን መንገድ ዳር አንድ ሰውዬ ከነሽፋኑ በጨው ውሃ የተቀቀለ ኦቾሎኒ ይሸጣል። በዚህ አካባቢ የተለመደ ነው። ሰዓታት ስለሚንተከተክ እንደ ባቄላ ይለሰልሳል። ጋሼ አንዱን ፈልፍለው አፋቸው ውስጥ ከተቱና ቆሙ።

«ንፍሮ ነው እኮ!» አሉ።

ሰውዬው ምን አሉ ብሎ ጠየቀኝ። ልተረጉምለት ሞከርኩ። ሁለት ከረጢት ገዛን።

ቅዳሜ

ጠዋት ሆልምስ ክሪክ ወረድን። ቨርነንን ታክኮ የሚሄድ፣ ቀስ ያለ ውሃ ነው። ሳይፕረስ የሚባሉት ዛፎች እግራቸው ውሃ ውስጥ ነው፤ ሥሮቻቸው እንደ ጉልበት ውሃውን ሰንጥቀው ይወጣሉ። ጀልባ የሚወርድበት ቦታ ላይ አንድ ሽማግሌ ባልዲ ገልብጠው ተቀምጠው ዓሣ ያጠምዳሉ። ቁጥቋጦ ጺም፣ የተቀደደ ኮፍያ። ልቤ ዘለለ። «ይኸው አገኘኋቸው» አልኩ በሆዴ። ሽማግሌው ሳያዩኝ «ፎቶ አታነሳኝም» አሉ።

«አላነሳም» አልኩ።

ተቀመጥን። ምን እንደማወራ ግራ ስለገባኝ ዝም አልኩ። ጋሼም ዝም አሉ፤ የሳቸው ዝምታ ግን እንደኔ የሐፍረት አይደለም፣ የሚያውቁት ሥራ ነው። አሥር ደቂቃ ያህል አለፈ። ጋሼ በዚያች በሰላሳ ዓመት የአሜሪካ ኑሮ ባላማረች እንግሊዝኛቸው «ትል ከየት?» አሉ።

የሰውዬው ፊት በራ።

ባልዲያቸውን ትተው ተነሱ። ከመኪናቸው ሁለት ነገር አመጡ፤ ክንድ የሚያህል የተሾለ እንጨትና አንድ ጠፍጣፋ ብረት። ብረቱን ጋሼ ወዲያው አወቁት። «ባሌስትራ!» አሉ በአማርኛ። የድሮ መኪና ባሌስትራ ነው፣ አንድ ቅጠሉ። ሰውዬው እርጥብ አፈር መርጠው እንጨቱን ግማሽ ድረስ ቸከሉ። ከዚያ ተንበርክከው ብረቱን በእንጨቱ አናት ላይ በሁለት እጃቸው ገፋ፣ ገፋ አደረጉ። የወጣው ድምፅ ከእንቁራሪት ጩኸትና ዘይት ካጣ የበር ማጠፊያ መሀል ያለ ነገር ነው። ድምፁን የሰማሁት በጆሮዬ ብቻ አይደለም፤ በጫማዬ ሶል በኩልም ነው። ምድሩ ይንቀጠቀጣል።

አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ትሎቹ መውጣት ጀመሩ። አንዱ እግሬ አጠገብ ጭንቅላቱን ብቅ አደረገ፣ ከዚያ ሙሉ ገላውን ጎተተና በሣሩ ላይ ይሮጥ ጀመር። ትል ይሮጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። ከዚያ ሌላ። ከዚያ አምስት ስድስት አንድ ላይ። ሁሉም ከእንጨቱ ይሸሻሉ።

ከዚህ ወደ ምሥራቅ፣ ሶፕቾፒ በምትባል መንደር፣ ሰዎች በዚህ ሥራ ልጅ አሳድገዋል አሉ ሽማግሌው። ትሉ ለምን ይወጣል ስላቸው ድሮ ዝናብ መስሎት ነው ይሉ እንደነበር፣ በኋላ ግን ሳይንስ የሚያጠኑ ሰዎች መጥተው ሌላ እንዳገኙ ነገሩን። መሬት ውስጥ እየቆፈረ ትል የሚበላ ፍልፈል መሳይ እንስሳ አለ። እሱ ሲቆፍር ምድሩ እንዲሁ ይንቀጠቀጣል። ትሉ ፍልፈሉ መጣ ብሎ ወደ ላይ ያመልጣል። ወደ ሰው እጅ።

ጋሼ ብረቱን ተቀበሉ። ተንበረከኩ። የመጀመሪያው ግፊያ ጭጭ አለ። «ቀስ፣ ክብደትህን ጣልበት» አሉ ሽማግሌው። ሦስተኛው ላይ ምድሩ አጉረመረመ። ጋሼ በ68 ዓመታቸው እንደ ሕፃን ሳቁ። ትሎቹን ለቅመው በሰውዬው ቆርቆሮ ውስጥ እየከተቱ «ይቅርታ፣ ይቅርታ» ይሏቸዋል፤ ለትሎቹ።

ከዚያ ወሬው ወደ ማር ሄደ። ጋሼ ዳንግላ እያሉ ቀፎ ነበራቸው፣ ስለ ንብ ከተነሳ ማንም አያቆማቸውም። ሽማግሌው በዚህ የፍሎሪዳ ክፍል ረግረግ ውስጥ የሚበቅል ቱፔሎ የሚባል ዛፍ እንዳለ፣ አበባው በሚያዝያ ለጥቂት ሳምንት ብቻ እንደሚቆይ፣ ማሩ ደግሞ ስንት ጊዜ ቢቀመጥ እንደማይረጋ ነገሩን።

«የማይረጋ ማር ስኳር ነው» አሉ ጋሼ። ተረጎምኩ።

«ስኳር አይደለም!»

«ይረጋል።»

«አይረጋም! ሁለት ዓመት ቤቴ ተቀምጧል!»

አርባ ደቂቃ ተከራከሩ። አንዳቸው የሌላውን ግማሹን እንኳን አልሰሙም። እኔ እንኳን ከመሀል ትርጉሜን አቆምኩ፤ አስፈላጊ አልነበረም። በመጨረሻ ሰውዬው ከመኪናቸው አንድ ብልቃጥ አምጥተው ለጋሼ ሰጧቸው። «ሁለት ዓመት አስቀምጠው። ከረጋ ተመልሰህ ና፣ ሁለት ብልቃጥ እሰጥሃለሁ።» ስማቸውን አልጠየቅንም። ስልካቸውንም። ጋሼ ይህ አላሳሰባቸውም። «ወንዙ የት ይሄዳል?» አሉ።

ከሰዓት በኋላ ዎሳውን በፍጥነት አየናት። ፖሰም ለሚባል አይጥ መሳይ የዱር እንስሳ ሐውልት ያቆመች መንደር ናት፤ በድህነቱ ዘመን ሥጋው ሰው አብልቷል ብለው በ1982 አመስግነውታል። በየዓመቱ ሐምሌ መጨረሻ አካባቢ፣ ፈረንጆቹ ኦገስት በሚሉት ወር የመጀመሪያ ቅዳሜ በዓሉ ይከበራል። አንድ ነቀዝ፣ አንድ ፖሰም። ጋሼ የሐውልት ዝርዝር መያዝ ጀምረዋል።

ቺፕሊ አጠገብ የፍሎሪዳ ረጅሙ ፏፏቴ አለ፣ 22 ሜትር ገደማ። ውሃው ወደ አንድ ጥልቅ የመሬት ጉድጓድ ይወርድና ይጠፋል። ዝናብ አልነበረም፣ የወረደውም እንደ ክር ነው። ጢስ ዓባይን አይተው ያደጉ ሰው ይዞ እዚህ መምጣት ስህተት ነበር።

«ቧንቧ ሳይዘጉ ረስተው ነው» አሉና ወደ መኪናው ተመለሱ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ሰሜን ነዳን። ዩፋላ ላይ ስልኬ የወሰደብንን አንድ ሰዓት መልሶ ዘለለ። ጋሼ ብልቃጡን ጭናቸው ላይ አድርገው ተኝተዋል።

እሑድ

ለቅዳሴ ደርሰናል። ቃሌን ጠብቄያለሁ። ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ጋሼን ፈልጌ ሳገኛቸው ሰባት ስምንት ሰው ከበዋቸዋል። አንድ ወንበር ገልብጠው እግሩን በሁለት እጃቸው ገፋ ገፋ ያደርጉበታል፣ በአፋቸው «ሕምምም» የሚል ድምፅ እያወጡ። አንዲት እናት ልጇን ወደ ኋላ ሳብ አደረገች።

ሰኞ ማለዳ ስልኬ ጠራ። ገና አልነጋም።

«አሮጌ ባሌስትራ የት ይገኛል?» አሉ።